ከመኪናው በፊት ጭነቱ

ጭነት የጠፋበት ዓመት ነበር። ከነዳጅ ማደያው አንስቶ እስከ ድልድዩ ድረስ ከባድ መኪኖች ከነተሳቢያቸው መንገድ ዳር ተደርድረው ቆመዋል። ከጎማቸው ሥር ሣር በቅሏል። አንደኛው ላይማ የሰፈሩ ሴቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ወጥረው ልብስ ያሰጡበታል፤ ባለቤቱም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ምን ይበል? ቢያንስ አንድ ነገር ተጭኖበታል።

ሸራ ሰፊዋ ይህን ሁሉ የምታየው ከሱቋ ደጃፍ ላይ ሆና ነው። ሥራዋ የጭነት መኪና ሸራ መስፋትና መጠገን ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ የሸራ ጥቅል፣ መሃል ላይ ደግሞ ሰው ተዘርግቶ ሊተኛበት የሚችል ረጅም ጠረጴዛ። መኪኖች ሲሮጡ ሸራ ይቀደዳል፤ ሲቆሙ ግን የሚቀደድ ነገር የለም። ስለዚህ ገበያው ሲቀዘቅዝ የእሷም መርፌ አብሮ ቀዘቀዘ።

ባሏ ሹፌር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሯል። የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ዝግታ ነው። ስሙ ከመለጠፉ የተነሳ ሚስቱ እንኳ ካልተቆጣች በቀር በሌላ አትጠራውም። ዝግታ ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ሲይዝ ከኋላው ያለው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ እናቱንም አባቱንም ያነሳበታል፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። አሠሪው ከአሥራ አራት መኪኖቹ ዘጠኙን ሲያቆም መጀመሪያ የተሰናበተው እሱ ነበር። «በአንተ ጥፋት አይደለም፣ በገበያው ነው» ቢባልም ነገሩ ገብቶታል። ሌላው በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ፣ እሱ ሁለት ጊዜ ነበር የሚመላለሰው።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ እየዋለ ሚስቱን ያግዛል። ሥራው በሸራው ዳር ዳር የገመድ ማሰሪያ ቀለበት መምታት ነው፤ ቀለበቶቹ ግን እንደ ሰካራም ሰልፍ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ ይላሉ። እሷም ሆድ እንዳይብሰው ብላ እሱ እስኪወጣ ትጠብቅና ነቅላ እንደገና ትመታቸዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣

«መኪና ልንገዛ ነው» አላት።

«ሁለቱም ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛ ምን ያደርግልናል?» አለችው ቀና ሳትል።

«የስፌት አይደለም። የጭነት። ከነተሳቢው።»

መቀሷ ሸራው መሃል ላይ ቆመ።

«ሰው ሁሉ የሚሸጠውን?»

«ሰው ሁሉ ስለሚሸጠው ነዋ! ከሦስት ዓመት በፊት ዋጋ ብጠይቅ ደላላው ስቆብኛል። ዛሬ በግማሹ ውሰዱልን እያሉ ነው። ገበያው ሲመለስ ዋጋውም አብሮ ይመለሳል። ዘንድሮ ካልገዛሁ የሰው መኪና እንደነዳሁ ነው የማረጀው።»

«እና ምን ትጭንበታለህ? አየር?»

ዝግታ መዶሻውን መልሶ አነሳ። እሷም አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ መናገር አልፈለገችም። ያላቸው ጥሪት ይህችን የሱቅ ክፍል ከአከራያቸው ለመግዛት ዓመታት ያጠራቀሙት ነው። ክፍሏ ጠባብ ብትሆንም እንጀራቸው እዚያች ውስጥ ነው። ባሏን ግን አየችው። መኪና ከተቀማ ወዲህ ትከሻው ወርዷል፤ ሲራመድ እንኳ የት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው ይመስላል። አንጀቷን በላው።

«እንዲህ እናድርግ» አለች በመጨረሻ። «አንተ ጭነት ፈልግ። የአንድ ቀን ሳይሆን የሚቀጥል ጭነት። ካገኘህ የክፍሏን ገንዘብ አወጣለሁ። ከመኪናው በፊት ግን ጭነቱ።»

«መኪና ለሌለው ሰው ማን ጭነት ይሰጣል?»

«ጭነት ለሌለው ሰውስ መኪና ምን ይሠራለታል?»

ሁለት ቀን «ውሃ አቀብለኝ፣ በሩን ዝጊው» ከማለት በቀር አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ግን ዝግታ ጫማውን አጥብቆ አስሮ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንዱ የጭነት ቢሮ ወደ ሌላው ዞረ። አንዱ ለነዳጅ እንኳ የማይበቃ ዋጋ ይነግረዋል። ሌላው ገና መኪና የለኝም ሲለው ሻዩን እስኪጨርስ ይስቅበታል። ማታ ሲገባ አትጠይቀውም፤ እሱም አይነግራትም።

ጭነቱ የመጣው ግን ከዞረበት ቦታ ሁሉ ሳይሆን በራሳቸው ሱቅ በር ነው።

የጠርሙስ ፋብሪካው ዕቃ ላኪ የቆየች ደንበኛቸው ናት፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። አንድ ጠዋት ሁለት ሠራተኞች የተቀዳደደ ሸራ አሸክማ መጣች። ሸራ ሰፊዋ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጥፋቱን ስትገልጠው የጠርሙስ ስብርባሪ እንደ በረዶ ተንሿሿ። ጣቷን ቆረጣት።

«ኡፍ! ምንድን ነው ይሄ?»

«የእኔ ደመወዝ ነው» አለች ላኪዋ ቁጭ እያለች። «ሽሮፕ የሚሞላበት ጠርሙስ ነው። ወደ መድኃኒት ፋብሪካው ነው የምልከው። ገበያ ቢጠፋም ሰው መታመሙን አልተወም፤ እኛም ሥራ አላጣንም። ግን ይሄው ሲደርስ ግማሹ ዱቄት ነው።»

«ሹፌሮቹ ምን ሆነው ነው?»

«የማጓጓዣ ዋጋ ሲወርድልን እልል ብለን ነበር። ለካ ዋጋው ሲወርድ ሰውየው የጎደለውን በምልልስ ሊሞላ ይሮጣል። ጉድጓዱንም ጉብታውንም እኩል ነው የሚያልፈው። አለቃዬ ደግሞ በየሳምንቱ የሚጠይቀው ሹፌሩን አይደለም፣ እኔን ነው።»

ሸራ ሰፊዋ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ትንሽ አሰበች።

«ዝግታ የሚሉትን ሹፌር ታውቂዋለሽ?»

«ያ ከኋላው ሰልፍ የሚያስከትለው? እንዴት አላውቀውም! አንድ ቀን ስብሰባ ያስረፈደኝ እሱ ነው። ከኋላው ሆኜ ያልኩትን ብነግርሽ ታፍሪያለሽ።»

«ባሌ ነው።»

ላኪዋ መነጽሯን አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገች። ሸራ ሰፊዋን አየች፤ ስብርባሪውን አየች። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ፤ ሸራውን ተሸክመው የመጡት ሠራተኞች ግራ እስኪገባቸው ድረስ ሳቁ።

«አንድ ጉዞ ስጪው» አለች ሸራ ሰፊዋ ሳቋ ሲበርድላት። «ሳጥኖቹ መሃል የሚገባ ወፍራም የሸራ ትራስ ሰፍቼ አብሬ እሄዳለሁ። ከተሰበረ ይህን ሸራ በነጻ እሠራልሻለሁ።»

«መኪናውስ?»

«እሱን ለእኛ ተዪው።»

ዝግታ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም፤ ካመነ በኋላ ደግሞ መቀመጥ አቃተው። የቀድሞ አሠሪው ከቆሙት ዘጠኝ መኪኖች አንዱን ለአንድ ጉዞ አከራየው። «ቆሞ ጎማው ከሚሰነጠቅ ይንቀሳቀስልኝ» ብሎ ኪራዩን እንኳ አላከረረም።

አሥራ ሰባት ዓመት አብረው ሲኖሩ ሸራ ሰፊዋ ጭነት ይዞ ሲነዳ አይታው አታውቅም ነበር። ያን ቀን ጎኑ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ሰዓት አሳፈራት። መኪና ሁሉ እየጮኸባቸው ያልፋል፤ አንዱማ በመስኮት ብቅ ብሎ «እየተኛህ ነው ወይስ እየሄድክ?» አለው። እሷ መሬት ብትዋጣት ደስ ባላት ነበር። ዝግታ ግን ፊቱን እንኳ አላዞረም። ቀስ እያለች እጁን ማየት ጀመረች። ጉብታው ጋ ከመድረሱ በፊት ማርሽ ይቀንሳል፤ የፊት ጎማው ወጥቶ ሲወርድ ይጠብቃል፤ የኋላው ሲወጣ እንደገና ይጠብቃል፤ ተሳቢው ሲከተል ጆሮውን ወደ ኋላ ያቀናል። ቁልቁለቱን ገና ሳይደርስበት ነው የሚያስበው። እሷ ወፍራም ሸራ ላይ መርፌ ስትነዳ የምታደርገውን ጥንቃቄ እሱ መንገዱ ላይ ያደርገዋል።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲህ ነው የምትነዳው?» አለችው።

«እንዴት ልንዳ ታዲያ?» አለ፤ ጥያቄው አልገባውም።

መድኃኒት ፋብሪካው ግቢ ሲደርሱ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ወርደው ተከፈቱ። ከዚያ ሁሉ ሺህ ጠርሙስ የተሰበረው ሦስት ነው። ተረካቢው ሰውዬ ማመን አቅቶት ደግሞ ቆጠረ።

«ከሦስቱ አንዱን እኔ ነኝ የረገጥኩት» አለች ሸራ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ። «ከሳጥኑ ወጥቶ መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ አላየሁትም።»

በሳምንቱ ላኪዋ የአንድ ዓመት ውል ይዛ መጣች፤ በሳምንት ሁለት ጉዞ። ዋጋው የደጉ ዘመን ዋጋ አይደለም፤ ግን ነዳጅም ጎማም ችሎ ቤት የሚደርስ ነገር ያስተርፋል። ዝግታ ፈርሞ ሲጨርስ ሚስቱን አያት። እሷም የመሳቢያዋን ቁልፍ ከአንገቷ አወጣች።

መኪና ለመግዛት የሄዱት ሦስት ሆነው ነው። ሦስተኛው የሸራ ሰፊዋ አጎት ነው። አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሯል፤ ሞተር ሲጮህበት ኖሮ ጆሮው ደክሟል። እጁ ግን አልደከመም። ዘንድሮም ሞተር ላይ መዳፉን ሲያሳርፍ ሐኪም የልብ ትርታ የሚያዳምጥ ነው የሚመስለው። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ በሹክሹክታ የተናገረ ሲመስለው ሰፈር ይሰማዋል።

የሻጩ ግቢ ውስጥ አርባ የሚሆኑ መኪኖች ቆመዋል። ሻጩ ቁመተ አጭር፣ ምላሰ ረጅም ሰው ነው። ገና ከበሩ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ አንድ ቀይ መኪና ወሰዳቸው። ቀይ ማለት እንደ ቲማቲም የሚያብረቀርቅ ነው። ጎማው ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ጋቢናው ውስጥ ወንበሩ ገና ላስቲኩ አልተነሳም። የዝግታ ዓይን ቀልጦ ቀረ። በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ሚስቱ በልቧ «አለቀ፣ ይሄ ሰውዬ ተሸጧል» አለች።

አጎቷ ሞተሩን አስከፍቶ መዳፉን አሳረፈ። ጠዋት ነው፤ አየሩ ገና ይቀዘቅዛል። እጁን አነሳና ሻጩን አየው።

«ይሄ ሞተር ከእኛ ቀድሞ ነው የተነሳው።»

«ለእናንተው ብዬ ጋሼ፣ እንዳትጠብቁ ቀደም ብዬ አሙቄው ነው» አለ ሻጩ ፈገግ ብሎ።

«ለእኛ ብለህ ከሆነ ለእኛ ብለህ አብርደው። እንቀመጣለን።»

ከዚያ አጎትየው ወደ ሸራ ሰፊዋ ጆሮ ጠጋ አለና በሹክሹክታው «ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው!» አላት። በግቢው ማዶ ጎማ የሚያጥብ ሠራተኛ ሳይቀር ዞሮ አየ። ሻጩ አፉን ያዘ።

አንድ አሮጌ ጣውላ ላይ ተቀመጡ። ሻጩ ሻይ አመጣላቸው፤ ወሬ አመጣላቸው፤ ሌላ ገዢ ሊመጣ ነው አላቸው። አጎትየው የማይፈልገውን ነገር ጭራሽ ስለማይሰማ ሻዩን ብቻ ጠጣ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተነስቶ ሞተሩን ዳሰሰና «አሁን አስነሳው» አለ። ዝግታ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳለ፤ ደግሞ ሳለ፤ በሦስተኛው ተንዘፍዝፎ ተነሳና ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ። ጭሱ ግቢውን ሞልቶ አጥር ዘለለ።

«ዘይት ነው የሚጠጣው» አለ አጎትየው። «ከአንተ ጋር ቢገባ ቤተሰብህን ያስርባል።»

ዝግታ ከጋቢናው ሲወርድ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ቀዩን መኪና አንዴ ዞሮ አየው፤ ከዚያ ድጋሚ አላየውም።

ሌሎቹን ሲያዩ ሸራ ሰፊዋ ለብቻዋ ወደ ግቢው ጥግ ሄደች። ሞተር አታውቅም፤ የምታውቀውን ፍለጋ ነው። እዚያ አንድ ቀለሙ የነጣ፣ የግራ በሩ ከሌላ መኪና የመጣ የሚመስል፣ መልከ ጥፉ መኪና ቆሟል። ተሳቢው ላይ የታጠፈውን ሸራ ገለጠችው። ጥንድ ስፌት፣ ማዕዘኑ ላይ ሦስት እጥፍ። ያለምንም ጥርጥር የራሷ እጅ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያስገረማት ግን ከዚያ በኋላ የተጨመረው ነው። በየቦታው ትናንሽ እራፊዎች በእጅ ተሰፍተዋል፤ ስፌቱ ደንበር ገተር ቢሆንም አንዷም ቀዳዳ አልታለፈችም። የጣት ጫፍ የማታስገባ ቀዳዳ እንኳ ተደፍናለች።

«ዝግታ!» ብላ ተጣራች። «ይሄን እዩት።»

«ይሄን?» አለ ሻጩ እየሮጠ መጥቶ። «ይሄ እኮ የአንድ ሽማግሌ ነው። ስድስት ወር ሆነው፤ ማንም አልጠየቀውም።»

«ሸራውን እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ዘይቱን አይረሳም» አለች። «ሰውየውን ጥራልን።»

ሽማግሌው በአውቶቡስ መጡ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈን እያደረጉ የሚያዩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ መንጃ ፈቃዳቸው አልታደሰላቸውም፤ መኪናዋን ለሌላ ሹፌር ሰጥተው እንዳይኖሩ ደግሞ ጭነት የለም። ዝግታን ጨብጠው ገና ዋጋ ሳይነሳ ጀመሩ።

«መጀመሪያ ጉዷን ልንገርህ። ሦስተኛ ማርሽ ስታስገባ ቀስ በል፤ ከቸኮልክባት ትቆጣለች።»

«ቀስ ማለቱን እንኳ ለእኔ ይተዉት አባቴ» አለ ዝግታ።

«ዳገት ላይ ውሃዋን አትርሳ። የግራ መስታወቷ ይንቀጠቀጣል። ዝናብ ሲሆን የሹፌሩ ጉልበት ላይ ጠብ የሚል ነገር አለ፤ ከየት እንደሚገባ አሥራ ሁለት ዓመት ፈልጌ አጥቼዋለሁ።»

ሻጩ ግንባሩን በእጁ ያዘ። «አባባ፣ እኔ ልሽጥልዎ ወይስ እርስዎ ሊያበላሹብኝ?»

«የሚነዳው እሱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ዳገት መሃል ላይ ሆኖ ከሚሰድበኝ እዚህ ያኩርፈኝ።»

ሞተሯ ቀዝቃዛ ነበረች። በሁለተኛው ተነሳች፤ ትንሽ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ምንም። አጎትየው መዳፉን አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ከሥሯ ገብቶ ተንፏቀቀ፤ ሲወጣ ጀርባው አፈር ብቻ ሆኖ ነበር።

«ሞተሯ ጤነኛ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራዋ ግን አንዱ ንጣፍ ተሰንጥቋል፤ ሁለት ጎማም አልቋል።»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ባሌስትራው? እሱን አላውቅም ነበር። ወላሂ አላውቅም። ይኸው ዓይኔ…» አሉ። እጅጌያቸውን ስበው ያን የሚንቀጠቀጥ መስታወት መጥረግ ጀመሩ።

ሻጩ ሸራ ሰፊዋን ወደ ጎን ሳባት። እሱም ስድስት ወር ሙሉ የቆመ መኪና ሰልችቶታል። «ሽማግሌው ተስፋ ቆርጧል። ትንሽ ጠበቅ ብታደርጊ ሩቡን ያህል ይወርድልሻል፤ እኔ ነኝ ያልኩሽ» አላት።

እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። ገንዘቡም የክፍሏ ገንዘብ ነው፤ እያንዳንዷን እንዴት እንዳጠራቀመቻት ታስታውሳለች። ሽማግሌውን ግን አየቻቸው። መስታወቱን ጠርገው ጨርሰው የሌላኛውን በር እጀታ ያብሳሉ። ባሏ ሥራ የፈታ ሰሞን የሱቁን ወለል እንዲሁ ነበር በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠርገው። የባሌስትራውንና የሁለቱን ጎማ ዋጋ ቀንሳ ቁጥሯን ተናገረች።

«ገና ይወርዳል!» አለ አጎቷ በሹክሹክታው። ግቢው ሁሉ ሰማ።

«ይበቃል ጋሼ» አለች። «ይበቃል።»

ሽማግሌው ቁጥሩን ሲሰሙ ከዚያ በታች ጠብቀው እንደነበር ፊታቸው ላይ ታየ። ጋቢናው ውስጥ ገብተው ጠፍጣፋ ትራሳቸውን ከወንበሩ አነሱና ብብታቸው ሥር ያዙት። ቁልፉን ለዝግታ ሰጥተው ጥቂት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ግን ተመለሱ፤ ትራሱን ወንበሩ ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«ያለሱ ወገብህን ትገድልሃለች» አሉት።

አጎትየው አንድ ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ከተታትና ባሌስትራውን ቀየረ፣ ፍሬኗን ፈትቶ ገጠመ፣ ዘይቷን ለወጠ። የሹፌሩ ጉልበት ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ ግን እሱም ፈልጎ አጣው። ሸራ ሰፊዋ ለዚያ ጉልበት የምትሆን ትንሽ ሸራ ሰፋችለት።

የመጀመሪያው ጉዞ ሰላም ነበር። በሁለተኛው ግን ጉድ ፈላ። ዳገቱ ወገብ ላይ የውሃ ፖምፓው ተሰነጠቀና መኪናዋ እንፋሎት ተፍታ ቆመች። ዝግታ ደወለ። ድምፁ ውስጥ ያ ሥራ የፈታ ሰሞን የነበረው ነገር ተመልሶ ሲመጣ ሰማችው። አንድ ሹፌር ገመድ አስሮ ሊጎትተው ቆሞለት ነበር፤ እሱ ግን ሲጎተት ይንገጫገጫል፣ ጠርሙሱ ያልቃል ብሎ እምቢ አለ። ሸራ ሰፊዋ ለአፍታ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። የክፍሏን ገንዘብ አውጥቼ ዳገት ላይ የቆመ ብረት ገዛሁ ማለት ነው? ብላ አሰበች። ከዚያ መቀሷን አስቀምጣ ፖምፓ ፍለጋ ወጣች። በሦስተኛው መደብር አገኘችና አጎቷን ከነመፍቻው አውቶቡስ ላይ ጫነችው።

ጭነቱ የደረሰው አንድ ቀን ዘግይቶ ነው። ላኪዋ ሱቅ ድረስ መጣች፤ መነጽሯን ገና ከበሩ ላይ አድርጋለች።

«ዘገየ!»

«ስሙን እያወቅሽ» አለች ሸራ ሰፊዋ።

ላኪዋ ላለመሳቅ ታገለች። «ደግሞ አንድም አልተሰበረም አሉ። አንድም! አለቃዬ የተሳሳተ ሪፖርት ነው ብሎ መልሶ ላከው። ለሌላ ጊዜ ግን ሲቆም ወዲያው ደውሉልኝ፤ እኔም እዚያ ማዶ ያሉትን ላባብል።» ይህን ብላ ወጣች። ውሉ ባለበት ቀጠለ።

ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። መኪናዋ ስትሄድ ሞልታ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ባዶዋን ነው። ነዳጁ ግን ለባዶም ለሙሉም ያው ይጠጣል። ዝግታ መድኃኒት ፋብሪካው ባለበት ከተማ በሄደ ቁጥር የሚመለስ ጭነት ይጠይቃል፤ መልሱ ሁልጊዜ «ዘንድሮ?» የሚል ነው። ሚስቱ ስትጠይቀው «ይገኛል» ይላል። መጠየቁን እንዳልተወ ግን ታውቃለች፤ የዞረበትን ግቢ ሁሉ በስም እየጠራ ነው የሚነግራት።

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ባዶዬን አይደለም የምመጣው» አላት።

«አትቀልድ! ምን ጫንክ?»

«ገምቺ።»

«ዝግታ፣ መርፌ እጄ ላይ ነው፤ እንዳልወጋብህ።»

«ፍራሽ! የስፖንጅ ፍራሽ! የፋብሪካው ዘበኛ አማቹ ፍራሽ ይሠራል። ወደኛ ከተማ የሚልክበት አጥቶ ቤቱ ውስጥ መተኛ ቦታ አጥቷል አለኝ። ፍራሽ ሞልቶ መተኛ ሲያጣ አስቢው! መኪናዋማ የተጫነች አልመሰላትም፤ እየዘለለች ነው የምትመጣው።»

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግታ መንገድ ዳር ወጣች። መኪናዋ በድልድዩ በኩል ብቅ ስትል መጀመሪያ አላወቀቻትም። ፍራሹ ከጋቢናው በላይ ቤት አክሏል፤ ሸራው አናቱ ላይ ተቀምጦ ጎንና ጎኑ ሳይሸፈን ቀርቷል፤ የቀረው በገመድ ተተብትቧል። ዝግታ ሱቁ ፊት ለፊት አቁሞ ዘሎ ወረደ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲዘል አየችው።

«ሸራሽ አጠረ» አላት።

«እኔ የሰፋሁት ሸራ አጥሮ አያውቅም። አንተ ነህ ያበዛኸው።» ዙሪያውን ዞረች፤ ገመዱን ሳብ ሳብ እያደረገች አየችው። «አንዴ ነው ወይስ ይቀጥላል?»

«በየሳምንቱ ነው ያለኝ። ካልዘነበበት።»

«ይዘንባል እንጂ፤ ለምን አይዘንብም?» አለች ሜትሯን ከኪሷ እያወጣች። «ከዚህም ከዚያም ሁለት ሁለት ሜትር እቀጥልበታለሁ። ያ ሰማያዊው ሸራ ይበቃል። ሳይመሽ ለክተን እንጨርስ፤ ጫፉን ያዝልኝ።»

ዝግታ የሜትሩን ጫፍ ያዘ፤ እሷ ጎማውን ረግጣ ወደ ላይ ወጣች።